የመኪና ዳሽቦርድ ስክሪን በራስ እጅ መቀየር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስክሪን መቀየር ያን ያህል ከባድ ሥራ አይደለም። ብዙ ሰው የሚከስረው ገና ዕቃውን ሲያዝ ነው፤ ያልተበላሸውን ክፍል ይገዛና የተበላሸውን እዚያው ትቶ ዳሽቦርዱን መልሶ ይዘጋል። ስለዚህ ከታች ካሉት መልሶች ብዙዎቹ አንድም ብሎን ከመፈታቱ በፊት ስለሚሠራው ነገር ናቸው።

የተበላሸው የትኛው ክፍል እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

ስክሪን ብለን የምንጠራው አንድ ዕቃ አይደለም። ከፊት ጣት የሚያርፍበት የተች መስታወት አለ። ከሥሩ ምስሉን የሚሠራው የኤልሲዲ ፓነል፣ ከፓነሉ ጀርባ የኋላ መብራቱ፣ ከዚያም ሁሉንም የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ይከተላሉ። እያንዳንዱ ሲበላሽ የሚያሳየው ምልክት የተለየ ነው።

መስታወቱ ተሰነጣጥቆ ምስሉ ከሥንጥቁ ሥር ጥርት ብሎ የሚታይ ከሆነ የተጎዳው ተቹ ብቻ ነው። ቀለም የፈሰሰበት የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ፣ ከላይ እስከ ታች ባለቀለም መስመር ከተሰመረ ወይም ግማሹ ነጭ ሆኖ ከቀረ ደግሞ ፓነሉ ነው። ምስል በሌለበት ሁኔታ ተቹን መሞከር ከፈለጉ ሬዲዮውን ይክፈቱና የድምፅ ወይም የጣቢያ መቀየሪያው ይኖርበት የነበረውን ቦታ በግምት ይንኩ። ድምፁ ከተለወጠ ተቹ ይሠራል፤ እሱን መግዛት አያስፈልግዎትም።

ተቹ ማንም ሳይነካው የሚሰነጠቅበት ጊዜም አለ። በካዲላክ መኪናዎች ላይ ኪው የሚባለው ሲስተም ስሙን ያጠፋው በዚህ ነው፤ ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበት ተቹ ከውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል፣ ከሥሩ ያለው ፓነል ግን ጤነኛ ነው። በሌሎች መኪናዎች ደግሞ መስታወቱንና ፓነሉን የሚያያይዘው ሙጫ ይለቅና ከጠርዝ ጀምሮ አረፋ ይታያል።

ስክሪኑ ጨርሶ ጨልሟል። ልግዛ?

ገና ነው። መጀመሪያ ፊውዙን ይመልከቱ። ቀጥሎ የማብሪያውን ወይም የድምፁን ቁልፍ ተጭነው ይቆዩ፤ ብዙ ሲስተሞች ከ10 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ራሳቸውን ዘግተው እንደ አዲስ ይነሳሉ። ካልተነሳ መኪናውን ጨለማ ቦታ አቁመው የስልክዎን ባትሪ በሰያፍ ያብሩበት። እንደ ጥላ የደበዘዘ ምስል ከታየ ፓነሉ እየሠራ ነው፣ የጠፋው የኋላ መብራቱ ነው። ምንም ከሌለ ወደ ቦርዱና ወደ ገመዱ ያስቡ።

የጨለመ ስክሪን ሁሉ የስክሪን ጥፋት እንዳልሆነ የቴስላ ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ኩባንያው ከ2012 እስከ 2018 የተሠሩ ሞዴል ኤስና ከ2016 እስከ 2018 የተሠሩ ሞዴል ኤክስ መኪናዎችን፣ በድምሩ ወደ 135 ሺህ የሚጠጉ፣ በአሜሪካ ለጥገና ጠርቷል። ምክንያቱ 8 ጊጋባይት የሆነች የማስታወሻ ቺፕ በተደጋጋሚ መጻፍ ብዛት ማለቋ ነበር። ቺፗ ስትሞት ትልቁ ስክሪን ይጨልማል፤ እዚያ ላይ አዲስ መስታወት የገጠመ ሰው ያገኘው አዲስ ጨለማ ነው። የእርስዎም መኪና እንዲህ ያለ ጥሪ ወይም የተራዘመ ዋስትና እንዳለው በሻንሲ ቁጥሩ ያጣሩ። በነፃ የሚሠራልዎትን ነገር ራስዎ ፈተው ዋስትናውን አያበላሹ።

ማንም ሳይነካው ራሱ ሜኑ እየከፈተ ይዘጋል። ይህስ?

ብዙ ጊዜ ተቹ ነው። ነገር ግን በመጀመሪያ የለጠፉትን መከላከያ ፕላስቲክ ያንሱ፣ ስክሪኑን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ከሲጋራ መለኮሻው ላይ የተሰካውን ርካሽ ቻርጀር ይንቀሉ። ከቻርጀር የሚወጣ የኤሌክትሪክ ረብሻ ተች ሲያሳብድ አይቻለሁ። ከዚህ በኋላም ካልተወ፣ በተለይ የሚያብደው መኪናው ፀሐይ ላይ ሲውል ከሆነ፣ ተቹን ማዘዝ ይችላሉ።

መስታወቱን ብቻ ልቀይር ወይስ ከነፓነሉ?

ይህን የሚወስነው ሁለቱ የተያያዙበት መንገድ ነው። በአንዳንዱ መስታወቱ የተለጠፈው በዙሪያው ባለ የማጣበቂያ ቀጭን ፍሬም ብቻ ሲሆን መሐሉ ላይ አየር አለ። በሌላው ሙሉው ገጽ በጠራ ሙጫ ከፓነሉ ጋር አንድ ሆኗል።

ሳይፈቱ ለመለየት ስክሪኑን ያጥፉና የስልክ ባትሪዎን በትንሹ አዘንብለው ያብሩበት። የብርሃኗን ነጸብራቅ ይቁጠሩ። አንዷ ነጥብ ከሌላዋ ጎን ተነጥላ ሁለት ወይም ሦስት ሆና ከታየች በመሐል አየር አለ፤ መስታወቱን ብቻ መቀየር ይቻላል። አንድ ጠንካራ ነጥብ ብቻ ካዩ ሙሉ በሙሉ የተጣበቀ መሆኑ አይቀርም።

ለተጣበቀው የኔ ምክር አጭር ነው፤ መስታወትና ፓነል አብሮ የመጣውን ይግዙ። በቀጭን ሽቦና በሙቀት የሚለያዩ ባለሙያዎች አሉ፣ ቪዲዮው ሲታይም ቀላል ይመስላል። ቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ፓነሉንም ይሰብረዋል፣ ከዚያ ሁለቱንም ለየብቻ ይገዛል።

ትክክለኛውን ዕቃ እንዴት ላዝዝ?

ከፍተው አይተው ይዘዙ። የመኪናው ሞዴልና ዓመት ብቻ አይበቃም፤ በአንድ ዓመት የወጣ አንድ ሞዴል ሁለት የተለያዩ አምራቾች የሠሩት ስክሪን ሊኖረው ይችላል። የዩኒቱ (ስክሪኑና ቦርዱ አንድ ላይ የተገጠሙበት ሙሉ ሳጥን) ጀርባ ላይ ያለውን የፓርት ቁጥር ፎቶ ያንሱ፤ ፓነሉን ሲያወጡ ደግሞ በራሱ ጀርባ ላይ ሌላ የፊደልና የቁጥር ኮድ አለ። ፓነል ሲገዛ ዋናው ይህ ሁለተኛው ኮድ ነው።

ተች ሲገዙ በኢንች ልኬት ብቻ አይመኑ። የሪባኑን (ተቹን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኘው ጠፍጣፋ ቀጭን ገመድ) ስፋት፣ የመስመሮቹን ብዛት፣ ከመስታወቱ የሚወጣበትን ጎንና ርዝመቱን ከአሮጌው ጋር ያነጻጽሩ። የተቹን ዓይነትም ይለዩ። በጥፍር ወይም በብዕር ጫፍ ሲጫኑት የሚሠራ ከሆነ በግፊት የሚሠራው ዓይነት ነው፤ ሪባኑም አብዛኛውን ጊዜ አራት መስመር ብቻ አለው። የጣት ቆዳ ካልነካው የማይሰማ ከሆነ እንደ ስልክ ያለው ነው፤ በሪባኑ ላይ ትንሽ ቺፕ ተቀምጣ ልታዩ ትችላላችሁ። አንዱ በሌላው አይተካም።

እኔ የመጀመሪያውን ያዘዝኩት ሳልፈታ ነበር። የመጣው መስታወት በመጠኑ ልክ፣ በቀለሙ ልክ ነበር፤ ሪባኑ ግን በግራ መውጣት ሲገባው በቀኝ ይወጣል። ሶኬቱ ጋ ለመድረስ ሦስት ሳንቲ ሜትር አነሰው። ያ መስታወት እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ከሌላ መኪና የወጣ ሙሉ ዩኒት ብገጥምስ?

ይገጥማል፣ ግን ላይሠራ ይችላል። ብዙ ዩኒቶች የመጡበትን መኪና ያስታውሳሉ። በቮልስዋገንና በኦዲ ኮምፖነንት ፕሮቴክሽን የሚባለው ጥበቃ ዩኒቱ የማያውቀው መኪና ውስጥ ሲገባ ይቆልፈዋል፤ የሚከፈተውም ከአምራቹ ሲስተም ጋር በሚገናኝ መሣሪያ ነው። በሌሎች ደግሞ ሬዲዮው ኮድ ይጠይቃል። በስክሪንዎ ላይ የተበላሸው ተቹ ወይም ፓነሉ ብቻ ከሆነ ለዚህ ጣጣ አይጋለጡ፤ አሮጌው ቦርድ በቦታው እስካለ ድረስ መኪናው ምንም እንደተለወጠ አያውቅም። ያገለገለውን ዩኒት ለፓነሉ ሲሉ ገዝተው ፓነሉን ወደ ራስዎ ቦርድ ማዛወርም ይቻላል፣ የፓነሉ ኮድ አንድ ከሆነ።

ምን ምን መሣሪያ ያስፈልገኛል?

ከፕላስቲክ የተሠሩ መፈልቀቂያዎች፣ ጫፉ ማግኔት ያለው ካቻቢቴ፣ የ7፣ የ8 እና የ10 ቁልፍ፣ እንደ መኪናው ባለ ኮከብ ጫፍ ካቻቢቴ፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ አልኮል፣ ቀጭን ባለ ሁለት ፊት ማጣበቂያ፣ ወፍራም ፎጣ። ብሎኖቹን የሚያስቀምጡባቸው ትናንሽ ከረጢቶችም ያዘጋጁ፤ በየከረጢቱ ላይ ከየት እንደወጡ ይጻፉ። የብረት ካቻቢቴ እንደ መፈልቀቂያ አይጠቀሙ፤ የፕላስቲኩ ጠርዝ ላይ የሚተወው ጥርስ መኪናው እስኪሸጥ ድረስ ዓይንዎን ይወጋዋል።

ባትሪውን መንቀል ግድ ነው? ኤርባግ ያስፈራኛል።

ግድ ነው፤ ኤርባጉንም ቢፈሩት መልካም ነው። ዳሽቦርዱ ውስጥ የተሳፋሪው ኤርባግ ከስክሪኑ ብዙም ሳይርቅ ተቀምጧል። የኤርባጉ መቆጣጠሪያ ሞጁል ደግሞ አደጋ ላይ ባትሪው ቢቆረጥም እንዲፈነዳ ኃይል የሚያጠራቅም ካፓሲተር አለው። ስለዚህ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ከነቀሉ በኋላ የመኪናው መመሪያ የሚለውን ያህል ይጠብቁ። እኔ መመሪያው ያነሰ ቢልም ከ10 ደቂቃ በፊት አልጀምርም። ቢጫ ሶኬት ካዩ የኤርባግ ነው፤ አይንኩት፣ በመለኪያም አይፈትሹት። በሃይብሪድና በኤሌክትሪክ መኪና ብርቱካናማ ገመዶችንም እንደዚሁ ይራቁ።

ኔጌቲቩን ከመንቀልዎ በፊት ግን ሦስት ነገር ያድርጉ። ሬዲዮው ኮድ የሚጠይቅ ከሆነ ኮዱን ይያዙ። ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነና ማርሹ ቦታ የሚዘጋ ከሆነ የእጅ ፍሬኑን ይዘው፣ ጎማው ሥር ታኮ አድርገው ማርሹን ወደ ታች ያውርዱት፤ ኃይል ከሌለ ከፓርክ አይወጣም። ሦስተኛው ሰው ሁሉ የሚረሳው ነው። ባትሪው ኋላ ሻንጣ ውስጥ ከሆነና ሻንጣው በኤሌክትሪክ የሚከፈት ከሆነ፣ ነቅለው አይዝጉት።

ባትሪው ሲመለስ ሰዓቱ ይጠፋል፣ አውቶማቲክ መስኮቶችም እንደገና መማር ሊያስፈልጋቸው ይችላል። ይህ ብልሽት አይደለም።

ፕላስቲኩን ሳልሰብር እንዴት ልፍታ?

ማርሹንና በዙሪያው ያለውን በፎጣ ይሸፍኑ። ቀኑ ብርድ ከሆነ መጀመሪያ የመኪናውን ውስጥ ያሙቁ፤ የቀዘቀዘ ክሊፕ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ይላል። መፈልቀቂያውን ከአንድ ጥግ አስገብተው የመጀመሪያው ክሊፕ ሲለቅ፣ ከዚያ በኋላ በጣት ከክሊፑ አጠገብ ይዘው ቀጥታ ወደ ራስዎ ይሳቡ። ወደ ጎን ማጠማዘዝ ነው ክሊፑን የሚሰብረው።

በአንድ ቦታ ብቻ አልለቅ ካለ ጉልበት አይጨምሩ፤ እዚያ ብሎን አለ። የተደበቀበትም ቦታ የታወቀ ነው፦ በዕቃ ማስቀመጫው የጎማ ምንጣፍ ሥር፣ በትንሽ ክዳን ጀርባ፣ ከኤሲው አፍ ውስጥ፣ ወይም ገና ባልተነሳው ጎረቤት ፕላስቲክ ሥር። ፕላስቲኩ ሲለቅ በደስታ አይሳቡት። ከጀርባው የሀዛርድ ቁልፍና የኤሲ ገመዶች ተንጠልጥለዋል፤ መጀመሪያ እነሱን ፎቶ ያንሱ፣ ከዚያ ይንቀሉ።

የሪባኑ ሶኬት እንዴት ነው የሚከፈተው? በጣም ቀጭን ነው።

ብዙ ስክሪን የሚሞተው እዚህ ላይ ነው፤ ቀስ ብለው ያንብቡ።

ከመንካትዎ በፊት ያልተቀባ ብረት ነክተው በሰውነትዎ ላይ ያለውን የማይታይ ኤሌክትሪክ ያውርዱ፤ በደረቅ አየር ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ መሥራት ቦርድ ይገድላል። ሪባኑ የሚገባበት ሶኬት ላይ ቡናማ ወይም ጥቁር ቀጭን ምላስ አለ። አንዱ ዓይነት በጥፍር ከኋላ ሲነሳ እንደ በር ይከፈታል። ሌላው ከሁለቱ ጫፎቹ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ፊት ይሳባል። የትኛው እንደሆነ ሳያዩ አይንኩ፤ የሚሳበውን ወደ ላይ ካነሱት ይሰበራል፣ ያ ምላስ ደግሞ ለብቻው አይሸጥም። ምላሱ ሲከፈት ሪባኑ ያለ ምንም ጉልበት ይወጣል። ካልወጣ አልተከፈተም ማለት ነው።

ሲመልሱ ሪባኑ ላይ ያለችው ነጭ መስመር ከሶኬቱ ጠርዝ ጋር ትይዩ ትሁን። አንዱ ጫፍ ገብቶ ሌላው ከቀረ ተቹ በአንድ በኩል ብቻ ይሠራል፣ ወይም ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ምላሱን ይዝጉ፣ በቀስታ ሳብ አድርገው መያዙን ያረጋግጡ። የምስሉን ወፍራም ገመድ ደግሞ በሹል አያጥፉት።

አሮጌውን መስታወት ላላቅቅ ስል ተሰባብሮ ቀረ። አቧራስ እንዴት ልከላከል?

ለመሰባበሩ መፍትሔው ከመጀመርዎ በፊት ሰፊ ስኮች በላዩ ላይ ደራርቦ መለጠፍ ነው፤ ቁርጥራጩ አንድ ላይ ተይዞ ይነሳል። ጠርዙን በፀጉር ማድረቂያ ዞር ዞር እያሉ ያሙቁ፣ ሲለሰልስ ቀጭን የፕላስቲክ ካርድ ያስገቡ። ካርዱ ከማጣበቂያው ስፋት አልፎ ወደ ውስጥ ከገባ የፓነሉን ገጽ ይቧጭራል፤ ስለዚህ ማስገባት የሚችሉት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። መነጽር ያድርጉ።

ለአቧራ የምመርጠው ቦታ መታጠቢያ ቤት ነው። ሙቅ ውኃ ለጥቂት ደቂቃ ይክፈቱና ይዝጉ፣ እንፋሎቱ አቧራውን ይዞ ወደ ወለል ይወርዳል። አየሩ ሲጠራ ገብተው እዚያ ይግጠሙ። የአዲሱን መስታወት የውስጥ መከላከያ ፕላስቲክ የሚያነሱት በመጨረሻዋ ሰከንድ ነው። ከማጣበቅዎ በፊት ፓነሉ ላይ የስልክዎን ባትሪ በሰያፍ አብርተው ይዩት፤ በተራ ብርሃን የማትታይ ቃጫ ያኔ እንደ ፀጉር ተጋድማ ትታያለች።

ከፓነሉ ፈሳሽ ወጥቶ እጄን ነካኝ።

በሳሙናና በውኃ ይታጠቡ፣ ዓይንዎን አይንኩ። የቆየ መኪና ከሆነና የኋላ መብራቱ ቀጭን የመስታወት ቱቦ ከሆነ ውስጡ ጥቂት ሜርኩሪ አለው፤ አይስበሩት፣ ከቤት ቆሻሻ ጋርም አይጣሉት።

መቼ ነው የምሞክረው?

ፕላስቲኩን ከመመለስዎ በፊት። ሶኬቶቹን ሁሉ ይሰኩ፣ ዩኒቱን በፎጣ ላይ ያስቀምጡ፣ ባትሪውን ይመልሱ። ቁልፉን ኦን ከማድረግዎ በፊት ግን ያልተሰካ ነገር አለመኖሩን ሁለት ጊዜ ይዩ። የተሳፋሪው ኤርባግ ጠቋሚ መብራት በዚሁ ፕላስቲክ ላይ የሚሆንበት መኪና ብዙ ነው፤ ተነቅሎ ሳለ ቁልፍ ከዞረ የኤርባግ ስህተት ይመዘገባል፣ ለማጥፋትም የስህተት ማንበቢያ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ከበራ በኋላ ጣትዎን ሳያነሱ ከጥግ ወደ ጥግ ይጎትቱ። የፊት መብራቱን ሲያበሩ ስክሪኑ መደብዘዙን ይዩ። የኋላ ማርሽ አስገብተው ካሜራውን፣ ከዚያ ዩኤስቢውን፣ የመሪውን ቁልፎች፣ ጂፒኤሱንና ሀዛርዱን ይሞክሩ። ከጥቂት ቀን በኋላ ጂፒኤስ ጠፋ የሚል ሰው አንቴናውን ሳይሰካ ነው የዘጋው።

የምነካው ሌላ፣ የሚከፈተው ሌላ ሆነ።

በግፊት የሚሠራው ተች ከሆነ የማስተካከያ ሜኑ አለው፤ በአንዳንድ መኪና ቁልፎችን አብሮ በመጫን የሚከፈት ድብቅ ሜኑ ውስጥ ነው። የሌላው ዓይነት ከሆነና የሚነካው ሁሉ የተገለበጠ ከሆነ የተላከልዎት የሌላ ስሪት ተች ነው፣ ይመልሱት።

በፀሐይ መነጽር ሳየው ይጠቁራል፤ አሮጌው እንዲህ አልነበረም።

የአዲሱ ፓነል የብርሃን ማጣሪያ ንብርብር አቅጣጫው ከአሮጌው ይለያል። መነጽርዎም ፖላራይዝድ (ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ነው። ጭንቅላትዎን ዘንበል ሲያደርጉ ከተመለሰ ፓነሉ ጤነኛ ነው።

የፍጥነት መለኪያው ስክሪንም በዚሁ መንገድ ይቀየራል?

አፈታቱ ይመሳሰላል፤ መሪውን እስከ ታች ዝቅ ያደርጉና ከላይ ያለውን ፕላስቲክ ያነሳሉ። ጥንቃቄው ግን ሌላ ነው። ፓነሉን ብቻ ከቀየሩ ኪሎ ሜትሩ በቦርዱ ማስታወሻ ውስጥ ስላለ አይነካም። ሙሉውን መለኪያ ከሌላ መኪና አምጥተው ከገጠሙ ግን የሌላ መኪና ኪሎ ሜትር ሊያሳይ ይችላል። ይህን ደብቆ መሸጥ በብዙ አገር ወንጀል ነው። በአሜሪካ ለምሳሌ የፌዴራል ሕጉ የቀድሞውን ንባብ ማቆየት ካልተቻለ አዲሱ ዜሮ ላይ እንዲጀምርና የቀድሞው ኪሎ ሜትር የተጻፈበት ወረቀት በግራ በኩል ባለው የበር ፍሬም ላይ እንዲለጠፍ ያዛል።

ጠቋሚ ዘንጎች ያሉት ከሆነ ዘንጎቹን አይንቀሉ። ነቅለው ሲመልሱ ከትክክለኛው ቦታ ከሳቱ በ80 እየነዱ 60 ያነባሉ። ለፓነሉ ሲባል ዘንጉ መነሳት ያለበት ከሆነ፣ እኔ ብሆን ለባለሙያ እሰጠዋለሁ።

እስክቀይረው ድረስ በተሰበረው ብነዳስ?

የሚነዱት በካሜራው ላይ ሳይደገፉ ከሆነ ችግር የለውም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከግንቦት (ሜይ) 2018 ጀምሮ የሚሠሩ አዳዲስ ቀላል መኪናዎች ሁሉ የኋላ ካሜራ እንዲኖራቸው ግዴታ ነው፤ ብዙ አሽከርካሪም ወደ ኋላ ዞሮ ማየት ትቷል። የተሰነጠቀውን መስታወት በግልጽ ስኮች ይሸፍኑት፣ ጣት ይቆርጣል። የኤሲው መቆጣጠሪያ በስክሪኑ ውስጥ ብቻ ከሆነና የመኪናው የፊት መስታወት ጭጋግ ሲይዝ ማጥፋት ካልቻሉ ግን ባይነዱ ይሻላል።

ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?

ለሠራው ሰው ሁለት ሰዓት። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ግማሽ ቀን፣ ያውም በብርሃን።

ሁሉንም ገጥሜ ስጨርስ አንድ ብሎን ተረፈኝ።

መልሰው ይክፈቱ። አውቃለሁ፣ ይደክማል፤ ስክሪኑም እየሠራ ነው። ነገር ግን ያ ብሎን ፕላስቲኩን የሚይዘው ከሆነ በጉድጓድ መንገድ ላይ ሲንቀጫቀጭ ይሰሙታል። ዩኒቱን ከብረቱ ፍሬም ጋር የሚያስረው ከሆነ ደግሞ ጣጣው ሌላ ነው፤ በአንዳንድ መኪና መሬት የሚባለው የኤሌክትሪክ መስመር የሚያልፈው በሱ በኩል ስለሆነ ስፒከሩ ውስጥ ሞተሩ በጮኸ ቁጥር አብሮ የሚጮህ ድምፅ ይመጣል። የፈታሁበትን ፎቶ በቅደም ተከተል ወደ ኋላ ሳይ ብዙ ጊዜ የተረፈችኝ ብሎን ከምንጣፉ ሥር የነበረችው ሆና አግኝቻታለሁ፤ መጀመሪያ እዚያ ይፈልጉ።